ጂዲቢ በኮር ፋይል ፊት፦ አንባቢው ጎበዝ፣ ቴስቱ ዝምተኛ

እኔ ጂዲቢን፣ የፕሮግራም ስህተት መፈለጊያ መሣሪያውን (ዲበገሩን)፣ የማውቀው እንደ ብዙ ፕሮግራመር ብሬክፖይንት (ማቆሚያ ነጥብ) እያስቀመጥኩ መስመር በመስመር በመሄድ አይደለም። ሥራዬ ለቡድናችን ኮምፓይለሩን፣ ሊንከሩንና ዲበገሩን ከምንጭ ኮዳቸው መገንባት፣ ቴስቶቻቸውን ማስኬድ፣ ከዚያ "በዚህኛው ሥሩ" ብሎ ማስረከብ ነው። ስለዚህ ዲበገርን የምመዝነው በሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ የሞተ ፕሮግራም ትቶት የሚሄደውን የሚሞሪ ቅጂ፣ ኮር ፋይልን፣ ምን ያህል በትክክል ያነብባል? ሁለተኛ፣ ይህን ንባብ የሚፈትሹት ቴስቶች ችግር ሲገጥማቸው ምክንያቱን እንዳገኝ ምን ያህል ይረዱኛል? ለመጀመሪያው ጂዲቢን ከአምስት አራት ተኩል እሰጠዋለሁ። ለሁለተኛው ሦስት፣ እሱም ደግ ሆኜ።

የምናገረው ሊኑክስ ላይ ስለሚሠራው ጂዲቢ ነው። ኤልኤልዲቢ የሚባለውን ሌላ ዲበገርም በየመሃሉ አነሳዋለሁ፤ ሁለቱ አንዱን ሥራ በጣም በተለያየ መንገድ ስለሚፈትሹ፣ አንዱን ሳያዩ የሌላውን ድካም ማየት ይከብዳል።

ከጥሩው ልጀምር። የጂዲቢ የቴስት ስብስብ ደጃግኑ በሚባል ማዕቀፍ ላይ የቆመ፣ በቲሲኤልና በኤክስፔክት የተጻፈ ነው። ቋንቋው ለዛሬ ሰው አይጥምም፤ እኔም እስካሁን የካሬ ቅንፍና የጥምዝ ቅንፍ ልዩነቱን እያየሁ አጉረመርማለሁ። ነገር ግን የኮር ፋይሉን ዋና ቴስት፣ ኮርፋይል ዶት ኢኤክስፒን፣ ረጋ ብሎ ያነበበ ሰው የጻፉት ሰዎች ሥራቸውን ምን ያህል እንደሚያውቁ ይገባዋል። ቴስቱ ኮርሜከር የምትባል አነስተኛ የሲ ፕሮግራም ኮምፓይል ያደርጋል። ፕሮግራሟ ጥቂት ተለዋዋጮችን ሞልታ፣ ከአንዱ ፈንክሽን ወደ ሌላው ተሻግራ፣ በመጨረሻ አቦርትን ጠርታ ራሷን ትገድላለች። ከዚያ ጂዲቢ የቀረውን እንዲያነብ ይጠየቃል።

ብልሃቱ ያለው በተለዋዋጮቹ ምርጫ ላይ ነው። ኮርሜከር ዳታ የሚባለው ተለዋዋጭ ምንጭ ኮዱ ላይ ዋጋው 1 ነው፤ ፕሮግራሟ ስትሠራ ግን ወደ 202 ትቀይረዋለች። ስለዚህ ጂዲቢ 1 ብሎ ከመለሰ የሚያነብበው ኮር ፋይሉን ሳይሆን ዲስክ ላይ የተቀመጠውን የፕሮግራም ፋይል ነው ማለት ነው። ኮርሜከር አርኦ የሚባለው ደግሞ በተቃራኒው ነው። የማይለወጥ ቋሚ ሆኖ ዋጋው 201 ነው፤ የሚያርፈው ለንባብ ብቻ በተከፈተ ገጽ ላይ ስለሆነ ከርነሉ (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) አብዛኛውን ጊዜ ኮር ፋይሉ ውስጥ አይጨምረውም። እሱን ጂዲቢ ከፕሮግራሙ ፋይል ፈልጎ ማምጣት አለበት። ሦስተኛው ቢኤስኤስ በሚባለው፣ መነሻ ዋጋ ያልተሰጣቸው ተለዋዋጮች በሚያርፉበት ክፍል የተቀመጠ ነው፤ ከዜሮ ተነስቶ በሉፕ 10 ይደርሳል፤ ይህን ቁጥር ከኮር ፋይሉ በቀር የትም አታገኙትም።

እንግዲህ በነዚህ ሦስት ቁጥሮች ብቻ የሚሞሪ ንባቡ የቱ ጋ እንደተሰበረ ታውቃላችሁ። በ202 ፋንታ 1 ከመጣ ጂዲቢ መጀመሪያ ማየት ያለበትን ኋላ እያየ ነው። በ201 ፋንታ "ሚሞሪው ጋ መድረስ አልቻልኩም" ከመጣ ከኮር ፋይሉ ሲያጣ ወደ ፕሮግራሙ ፋይል የሚሄድበት መንገድ ተቆርጧል። በ10 ፋንታ ዜሮ ከመጣ ኮር ፋይሉ ውስጥ ያለው ሴግመንት (የሚሞሪ ቁራጭ) አልተነበበም። እኔ አዲስ ፕሮሰሰር ላይ ዲበገር ስገነባ ቀድሜ የማየው እነዚህን ሦስቱን ነው። ብዙ አጭር ኮድ አይቻለሁ፤ በጥቂት መስመር ይህን ያህል የሚናገር ግን ብዙ አላየሁም።

ያችው ፕሮግራም አንድ ፋይል በኤምማፕ ሚሞሪ ላይ ትዘረጋለች፤ እዚህ ጋ ነገሩ ይጠልቃል። ሊኑክስ ለእያንዳንዱ ፕሮሰስ ኮርዳምፕ ፊልተር የሚባል መቼት አለው፤ የትኛው ዓይነት ሚሞሪ ኮር ፋይሉ ውስጥ እንደሚገባ የሚወስነው እሱ ነው። የተለመደው ዋጋ በሄክሳዴሲማል 33 ነው፤ ከፋይል ጋር ያልተያያዙ ገጾች፣ የኤልፍ (የሊኑክስ ፕሮግራም ፋይል ፎርማት) ራስጌዎችና የግል ትላልቅ ገጾች ይጻፋሉ። ከፋይል የተዘረጉና ያልተነኩ ገጾች አይጻፉም፤ ዲስክ ላይ አሉና። ግን ከርነሉ የትኛው ፋይል የትኛው አድራሻ ላይ ተዘርግቶ እንደነበረ ኮር ፋይሉ ውስጥ በኖት (ማስታወሻ) መልክ ዝርዝር ትቶ ይሄዳል። የዛሬው ጂዲቢ ያንን ዝርዝር አንብቦ የጎደለውን ገጽ ከራሱ ከፋይሉ ይሞላል። ቴስቱ ይህንንም ይፈትሻል። በቴስት ማሽኑ ላይ አንድ ሰው ፊልተሩን ለዲስክ ቁጠባ ብሎ ዝቅ ካደረገው የሚወድቁት መስመሮች የትኞቹ እንደሚሆኑ አስቀድሞ መናገር ይቻላል፤ እነዚህ ሲወድቁ ዲበገሩን አልነካም፣ ፊልተሩን ሄጄ አያለሁ።

እስካሁን ያለው ሙገሳ ነው። አሁን ሦስት ብቻ የሰጠሁበትን ልናገር።

ኮር ፋይሉን የሚጽፈው ማን ነው? ጂዲቢ አይደለም፣ ቴስቱም አይደለም። ከርነሉ ነው። የጂዲቢ ቴስቶች ደግሞ በየዙሩ ትኩስ ኮር ፋይል ይፈልጋሉ። የሚያደርጉት ይህን ነው፦ አዲስ ፎልደር ይከፍታሉ፣ የኮር ፋይል መጠን ገደቡን በዩሊሚት ትእዛዝ ያነሳሉ፣ ፕሮግራሟን ያስኬዳሉ፣ ከዚያ ፎልደሩ ውስጥ ስሙ ኮር የሆነ ወይም በኮር ነጥብ የሚጀምር ፋይል ይፈልጋሉ። ካገኙ ስሙን ይለውጡታል። ለምን ስሙ እንደሚለወጥ ኮዱ ውስጥ በኮሜንት ተጽፏል፦ ኮር የሚባሉ ፋይሎችን በየጊዜው ጠራርገው የሚያጠፉ የሲስተም አስተዳዳሪዎች ስላሉ። እንዲህ ያለ አስተዳዳሪ የማያውቅ ካለ እድለኛ ነው።

ፋይሉን ካላገኙትስ? አንዲት ማስጠንቀቂያ ይጽፋሉ፦ ኮር ፋይል መፍጠር አልተቻለም፣ የኮር ቴስቶች ታልፈዋል፣ የዩሊሚት ገደቡን ተመልከት። ውጤቱም "ያልተፈተሸ" ተብሎ ይመዘገባል። "ወደቀ" አይባልም። በማጠቃለያው ላይ የወደቁት ቁጥር ዜሮ ሆኖ ሊወጣ ይችላል።

አንድ ወጣት ባልደረባዬ አዲስ የቢልድ ሰርቨር ላይ ጂዲቢን ገንብቶ "ጋሼ፣ ንጹህ ነው፤ አንድም የወደቀ የለም" ብሎ ነገረኝ። እውነቱን ነው፣ የወደቀ አልነበረም። ያለፉትን ቁጥር ከአሮጌው ሰርቨር ጋር ሳስተያየው ግን ቀንሷል። ማጠቃለያውን ወርደን ስናይ የኮር ፋይል ቴስቶቹ በሙሉ "ያልተፈተሸ" ተብለው ተሰልፈዋል። ልጁን አልወቀስኩትም። ቀይ ነገር ፈልግ ተብሎ የተማረ ሰው ግራጫውን አያይም፤ መሣሪያው ራሱ ግራጫውን ከቀዩ አላስጠጋለትም።

ይባስ ብሎ ያቺ ማስጠንቀቂያ የምትጠቁመው ወደ ተሳሳተ ቦታ ነው። ዩሊሚትን ተመልከት ትላለች፤ ቴስቱ ግን ዩሊሚቱን አሁን ራሱ አንስቶታል! በዘመኑ ሊኑክስ ኮር ፋይል የሚጠፋበት ዋናው ምክንያት ሌላ ነው፤ ፕሮክ ውስጥ፣ ሲስ ከርነል ሥር የተቀመጠው ኮር ፓተርን የሚባለው መቼት ነው። መቼቱ ተራ የፋይል ስም ከያዘ ኮር ፋይሉ ፕሮሰሱ በሚሠራበት ፎልደር ይጻፋል፤ ቴስቱም ያገኘዋል። መቼቱ በፓይፕ ምልክት ከጀመረ ግን ከርነሉ ፋይል አይጽፍም፤ ሚሞሪውን በሙሉ ለሌላ ፕሮግራም ያፈስለታል። በሲስተምዲ (የሲስተሙን አገልግሎቶች በሚያስነሳው ፕሮግራም) የሚሠሩ ብዙ የሊኑክስ ስርጭቶች ላይ ተቀባዩ ሲስተምዲ ኮርዳምፕ ነው፤ ጨምቆ በራሱ ማኅደር ያስቀምጠዋል። ኡቡንቱ ላይ ደግሞ አፖርት አለ። ቴስቱ ባዶ ፎልደሩን ሲያገላብጥ ኮር ፋይሉ ሌላ ቤት በሰላም ተኝቷል። እንዲያውም በፓይፕ ሲላክ ከርነሉ የዩሊሚትን ገደብ አያስከብርም። ዩሊሚትን ተመልከት የሚለው ምክር እዚህ ላይ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው።

ኮንቴይነር (በአንድ ከርነል ላይ ተነጥሎ የሚሠራ የሶፍትዌር ሳጥን) ሲመጣ ደግሞ ነገሩ ይወሳሰባል። ኮር ፓተርን ለየኮንቴይነሩ የተለየ አይደለም፤ ለመላው ከርነል አንድ ነው። ተቀባዩ ፕሮግራም የሚነሳውም በአስተናጋጁ ማሽን ላይ እንጂ በኮንቴይነሩ ውስጥ አይደለም። ስለዚህ የቢልድ ምስላችሁን (ኮንቴይነሩ የሚነሳበትን ጥቅል) የፈለጋችሁትን ያህል ብታስተካክሉት፣ ሲስተምዲን ከምስሉ ውስጥ ጨርሳችሁ ብታወጡት፣ ያቺ ኮር ፋይል የምትወድቀው ከታች ባለው ማሽን ላይ ነው። ያው ምስል አንዱ ሰርቨር ላይ የኮር ቴስቶችን ያስኬዳል፣ ሌላው ላይ ይዘላል። በዚህ ዓይነት ቴስት "አንዳንዴ ይሠራል" ሲሉኝ የመጀመሪያ ጥያቄዬ የትኛው አስተናጋጅ ላይ እንደሄደ ነው።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ ኮር ፋይል የማይጻፍባቸው ሌሎች ምክንያቶችም አሉ፦ ፎልደሩ ላይ የመጻፍ ፈቃድ ማጣት፣ ዲስክ መሙላት፣ የባለቤቱን መብት የሚወርስ ሴትዩአይዲ ፕሮግራም መሆን፣ ፕሮግራሙ ራሱ ኮር አይጻፍብኝ ብሎ ለከርነሉ መንገሩ። ሁሉም የሊኑክስ ማኑዋል ውስጥ ኮር በሚለው ገጽ ተዘርዝረዋል። ይህን ገጽ ዲበገር የሚነካ ሰው ሁሉ አንድ ጊዜ ቢያነብበው የብዙ ሰው እንቅልፍ ይተርፍ ነበር።

ኤልኤልዲቢ ይህን ችግር የዞረበትን መንገድ እወድለታለሁ። እሱ በየዙሩ ትኩስ ኮር ፋይል አይፈልግም። ድሮ የተፈጠሩ ኮር ፋይሎች ከነፕሮግራማቸው ከምንጭ ኮዱ ጋር ተቀምጠዋል፤ ቴስቱ እነሱን ከፍቶ የሚጠበቀው ባክትሬስ (ፕሮግራሙ ሲሞት የተጠራሩት ፈንክሽኖች ዝርዝር) መምጣቱን ያያል። ለምሳሌ ለ64 ቢት ኢንቴል የተቀመጠው ኮር ፋይል የፕሮሰስ ቁጥሩ 32259 ነው። ያ ፕሮሰስ ከሞተ ዓመታት አልፈዋል፤ ቴስቱ ግን ዛሬም በሄደ ቁጥር 32259 ነህ ወይ ብሎ ይጠይቀዋል። የማሽኑ ከርነል ኮር ፓተርኑ ምንም ይሁን ምን ውጤቱ ያው ነው። በዚያ ላይ የ64 ቢት አርም ኮር ፋይልን ኢንቴል ማሽን ላይ መፈተሽ ይቻላል፤ ጂዲቢ በየዙሩ በሚፈጥራቸው ኮሮች ይህን ማድረግ አይችልም።

ከሁሉ የገረመኝ ደግሞ አዲስ ኮር ፋይል ለመጨመር የተዘጋጀችው የሼል ስክሪፕት ናት። ሥራ ከመጀመሯ በፊት ኮር ፓተርንን ከፍታ የመጀመሪያውን ፊደል ታያለች። የፓይፕ ምልክት ካገኘች ሲስተምህ የክራሽ ሪፖርት መሣሪያ ስለሚጠቀም ኮር ፋይል አይፈጠርም፣ መቼቱን አስተካክል፣ ለዚያም የሩት (የአስተዳዳሪ) ፈቃድ ያስፈልግሃል ብላ ትቆማለች። ጂዲቢ እንድንገምት የሚተወንን ይቺ ስክሪፕት በአንድ መስመር ትናገረዋለች።

ታዲያ ለምን ኤልኤልዲቢን አላስበለጥኩም? የተቀመጠ ኮር ፋይል የዛሬው ከርነል ምን እንደሚጽፍ አይነግርምና ነው። ከርነሉ አዲስ ኖት ቢጨምር፣ አዲስ ፕሮሰሰር የሬጅስተሮቹን አቀማመጥ ቢቀይር፣ የኤልኤልዲቢ ቴስቶች አረንጓዴ እንደሆኑ ይቀጥላሉ፤ ተጠቃሚው ነው መጀመሪያ የሚያገኘው። በተጨማሪ እነዚያ ኮር ፋይሎች ትንሽ እንዲሆኑ ሲባል የተፈጠሩት ምንም ላይብረሪ ከሌላቸው ጥቃቅን ፕሮግራሞች ነው፤ ስታካቸውም (የፈንክሽን ጥሪዎች የሚመዘገቡበት ሚሞሪ) ሆን ተብሎ እንዲያንስ ተደርጓል። በእውነተኛው ዓለም የሚሞተው ፕሮግራም ግን ብዙ ላይብረሪ ተሸክሞ ነው የሚሞተው። ዝምታም እዚያም አለ፦ ኤልኤልዲቢን ስትገነቡ የአንድን ፕሮሰሰር ድጋፍ ካላካተታችሁ፣ የዚያ ፕሮሰሰር የኮር ቴስቶች ጸጥ ብለው ይዘለላሉ። የተቀመጡትን ኮሮች ሁሉ ለመፈተሽ የምትፈልጉ ከሆነ የሚገነቡትን ፕሮሰሰሮች ዝርዝር አታሳጥሩ።

የአርም ነገር ከተነሳ አንድ ምሳሌ ልጨምር። የ64 ቢት አርም ፕሮሰሰሮች ፖይንተር ኦተንቲኬሽን የሚባል መከላከያ አላቸው። የመመለሻ አድራሻ ስታክ ላይ ከመቀመጡ በፊት በላይኞቹ ቢቶች ላይ ፊርማ ይታተምበታል። ዲበገሩ ፊርማውን ሳያነሳ አድራሻውን እንዳለ ከወሰደው የትም የሌለ ቦታ ይሄዳል፤ ባክትሬሱም ከአንድ ፍሬም (የአንድ ፈንክሽን ጥሪ መዝገብ) በኋላ ይቆረጣል ወይም ቆሻሻ ይሆናል። ሕያው ፕሮሰስ ላይ የትኞቹ ቢቶች ፊርማ እንደሆኑ ከርነሉን መጠየቅ ይቻላል። የሞተ ፕሮሰስ ላይ ግን መልሱ ኮር ፋይሉ ውስጥ በኖት ካልተቀመጠ ማንም አይነግራችሁም። ከርነሉ ይህን ኖት ይጽፋል፤ ጂዲቢ ያነብበዋል፣ ፊርማ የነበረበትን ፍሬምም ባክትሬሱ ላይ ምልክት አድርጎ ያሳያል። የቆየ ጂዲቢ አዲስ አርም ላይ ስታስኬዱ ሕያው ቴስቶቹ እያለፉ የኮር ባክትሬሱ ብቻ ከወደቀ፣ መጀመሪያ እዚህ ተመልከቱ። ትኩስ ኮር መፍጠር ዋጋ ያለው እንዲህ ባለው ቦታ ነው፤ ችግሩ ቴስት ማሽን ላይ እያለ ይያዛል።

ቴስቶች በትክክል ሲወድቁ፣ ማለትም ቀይ ሲሆኑ፣ ጂዲቢ የሚሰጠው መረጃ ጥሩ ነው። ሰም (ማጠቃለያ) የሚባለው ፋይል ውጤቱን በአጭሩ ይዟል፤ ሎግ የሚባለው ደግሞ ዲበገሩ የተላከለትን ትእዛዝና የመለሰውን መልስ በሙሉ። የታወቀ የጂዲቢ ጉድለት፣ የአካባቢው ችግር፣ ያልተጠበቀ ውድቀት እያለ ውጤቱን ይለያል፤ ይህን ልዩነት የሚያከብር የቴስት ስብስብ ብዙ የለም። የምወደው ግን ብዙ ሰው የማያውቀውን ነው፦ የየቴስቱ የውጤት ፎልደር ውስጥ ለጂዲቢ የተላኩት ትእዛዞች በቅደም ተከተል በፋይል ተቀምጠዋል፣ ጂዲቢ የተጠራበት የትእዛዝ መስመርም እንዲሁ። ሁለቱን ይዛችሁ ቲሲኤሉን ሳትነኩ ውድቀቱን በእጃችሁ መድገም ትችላላችሁ። ኮር ፋይሉም እዚያው ስላለ ጂዲቢን በሌላ ጂዲቢ ከፍቶ ማየት ይቀላል።

የተቆረጠ ኮር ፋይልንም በሚገባ ይይዛል። ዲስክ ሞልቶ ወይም ገደብ ደርሶ ፋይሉ ግማሽ ላይ ከቀረ፣ ራስጌዎቹ ከሚናገሩት መጠን ጋር አስተያይቶ ይህን ያህል ባይት ጠብቄ ይህን ያህል አገኘሁ ብሎ ያስጠነቅቃል። ያቺን መስመር የሚያልፍ ሰው ብዙ ነው። ከርሷ በኋላ የሚመጣው የተበላሸ ባክትሬስ ሁሉ የርሷ ልጅ ስለሆነ፣ እሷን ሳያዩ ሌላ መመርመር ከንቱ ድካም ነው።

ወደ ተጠቃሚው ወገን ስንመጣ የኮር ፋይል ትልቁ በሽታ ቴስቶቹ ከሚፈትሹት ውጭ ነው። ቴስቱ ፕሮግራሙንም ኮሩንም አንድ ማሽን ላይ ይፈጥራል። ሥራ ላይ ግን ኮር ፋይሉ ከደንበኛ ማሽን ይመጣል፣ የሚከፈተው በእናንተ ማሽን ነው፣ ላይብረሪዎቹ አይገጥሙም። ውጤቱ የጥያቄ ምልክት ብቻ የተደረደረበት ባክትሬስ ነው። ጂዲቢ "ኮር ፋይሉ ከፕሮግራሙ ጋር ላይገጥም ይችላል" የሚል ለስላሳ ማስጠንቀቂያ ብቻ ሰጥቶ ይቀጥላል። እኔ ብሆን ጠንከር አደርገው ነበር። መድኃኒቱ ቢልድ አይዲ ነው፤ ሊንከሩ በየፋይሉ ውስጥ የሚያስቀምጠው መለያ፣ ብዙውን ጊዜ በሄክሳዴሲማል 40 አሃዝ። ኤልፍዩቲልስ ከሚባለው የመሣሪያዎች ስብስብ ጋር የሚመጣው ኢዩ አንስትሪፕ ኮር ፋይል ሲሰጡት የየላይብረሪውን ቢልድ አይዲ ይዘረዝራል፤ እሱን በእጃችሁ ካሉት ፋይሎች ጋር ማስተያየት ነው። ከ2019 ጀምሮ ከኤልፍዩቲልስ ጋር የሚመጣው ዲበግኢንፎዲ ይህን ሥራ በራሱ ይሠራዋል፤ ጂዲቢ ቢልድ አይዲውን ይዞ ሰርቨሩን ይጠይቃል፣ ሲምቦሉ (የፈንክሽንና የተለዋዋጭ ስሞቹ) ይወርዳል። ለስርጭቱ የራሱ ፓኬጆች ድንቅ ነው። ለራሳችሁ ኮድ ግን ሰርቨሩን እናንተ ካላቆማችሁ ምንም አይሰጣችሁም።

ሲስሩትን (ዲበገሩ ላይብረሪዎችን የሚፈልግበትን ፎልደር) በእጅ የምታስተካክሉ ከሆነ ከኮር ፋይሉ በፊት አድርጉት። ኮሩ ተከፍቶ ካለቀ በኋላ መለወጥ ይቻላል፣ ግን ዲበገሩ ቀድሞ የተሳሳቱ ላይብረሪዎችን ጭኖ፣ የተሳሳቱ ማስጠንቀቂያዎችን አስነብቦ ይጠብቃችኋል። የትሬድ ላይብረሪው አጋዥ፣ ሊብትሬድ ዲቢ፣ ካልገጠመ ደግሞ ባክትሬሱ እየሠራ የየትሬዱ የግል ተለዋዋጮች ብቻ እምቢ ይላሉ። ይህ ውድቀት ስለሆነ ብቻ የዲበገር ባግ አይደለም።

ሚኒዳምፕን በአጭሩ ልለፈው። ከማይክሮሶፍት የመጣ፣ እንደ ኮር ፋይል ያለ ፎርማት ሆኖ ብሬክፓድና ክራሽፓድ (የክራሽ ሪፖርት መሣሪያዎች) ለሌሎቹ ሲስተሞችም ይጠቀሙበታል። እዚህ ኤልኤልዲቢ ይበልጣል። የቴስት ሚኒዳምፖቹ ብዙዎቹ በያምል ጽሑፍ የተጻፉ ናቸው፤ ቴስቱ ሲሄድ ወደ ባይናሪ ይለወጣሉ። ቴስት ሲወድቅ የትሬድ ዝርዝሩ ውስጥ ምን እንዳለ ለማየት ሄክስ አንባቢ አያስፈልግም፤ ጽሑፉን ከፍታችሁ ታነብባላችሁ፣ አንድ ሬጅስተር ለውጣችሁ ደግማችሁ ትሞክራላችሁ። አንድ ማስታወሻ ብቻ፦ በዚህ ፎርማት ውስጥ የተለመደው የቦታ ጠቋሚ 32 ቢት ነው፤ ስለዚህ ከ4 ጊጋባይት በላይ ያለን ነገር አይደርስበትም። ሙሉ ሚሞሪ የሚይዙ ዳምፖች ሚሞሪ 64 ሊስት የሚባለውን ክፍል የሚጠቀሙት ለዚህ ነው። አንባቢ እየጻፋችሁ ትልልቅ ዳምፖች ላይ ብቻ የሚወድቅ ቴስት ካላችሁ ይህን ድንበር ፈትሹ። ዊንዶውስ ላይ ብቻ የምትሠሩ ግን ዊንዲበግን (የማይክሮሶፍቱን ዲበገር) ትታችሁ ወደዚህ የምትመጡበት ምክንያት አይታየኝም።

ታዲያ የትኛውን? ሊኑክስ ላይ የሞተ ፕሮግራም ለመመርመር እጄ አሁንም የሚሄደው ወደ ጂዲቢ ነው። ከብዙ ዓይነት ማሽን የሚመጡ ዳምፖችን አንድ ቦታ ለሚከፍት ቡድን ኤልኤልዲቢን እመክራለሁ። ዲበገሩን ራሳችሁ የምትገነቡ ከሆነ የጂዲቢን ማጠቃለያ እንዳለ አትመኑት። እኛ ጋ አሁን ከቴስቱ በፊት አጭር ስክሪፕት ይሄዳል፤ የኮር ፓተርንን የመጀመሪያ ፊደል አይቶ ፓይፕ ከሆነ ሥራውን እዚያው ያቆማል፤ ቴስቱ ሲያልቅም "ያልተፈተሸ" የሚለውን ቁጥር ካለፈው ዙር ጋር አስተያይቶ ከጨመረ ቢልዱን ቀይ ያደርገዋል። የኮር ቴስቶቹንም አስተናጋጅ ማሽኑን በምናዝበት አንድ ሰርቨር ላይ ብቻ ነው የምናስኬዳቸው፤ እዚያ መቼቱ ኮር የሚል ተራ ስም ነው፤ ማሽኑ ሲነሳም በሲስከትል (የከርነል መቼት) ፋይል ይሞላል።